«ቲቪ ገዳይዋ» ከድጄ

ከድጄ ሪሞት ሻጯ በስልኳ ቲቪ ትገድላለች ተባለ። ወሬው የተነሳው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ሲሆን፣ አገዳደሏ ጭምር በዝርዝር ይነገር ነበር። ቤት ትገባለች፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» ትላለች፤ የቀረበላትን ሻይ ሳትጨርስ ስልኳን ከሻርፗ ሥር ታወጣና ቲቪው ላይ ታነጣጥራለች፤ ቲቪው ጭጭ ይላል። አንዳንዱ ስልኩ ድግምት የተደገመበት ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ስልኩ ሳይሆን እጇ ነው አለ። እንሴኖ ደርሶ የተመለሰው ወሬ ወፍሮ ነው የመጣው፤ በዚያ ሰሞን የተቃጠለውን የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያቃጠለችውም እሷ ናት። ቆሼ ከተማ የደረሰው ወሬ እስካሁን አልተመለሰም፤ እዚያው አግብቶ ቀርቶ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ መረጃ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ይወርዳል ይባል ነበር። ይሄኛው በአንድ ለሀምሳ ነው የወረደው።

እውነቱ ይሄ ነው። ከድጄ ቲቪ አልገደለችም። ትራንስፎርመሩም በራሱ ጊዜ ነው የተቃጠለው፤ በዕለቱ እሷ አራስ የሆነች የእህቷን ልጅ ልትጠይቅ እንሴኖ ነበረች። ስልኩ ግን እውነት ነው። ማነጣጠሯም እውነት ነው። ቲቪዎቹ ጭጭ ማለታቸውም እውነት ነው። ውሸቱ እነዚህን ሦስት እውነቶች አንድ ላይ የሰፋው ክር ብቻ ነው።

ከድጄ እንሴኖ አጠገብ ተወልዳ፣ ቡታጅራ ያገባች፣ ቡታጅራ ባሏን የቀበረች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሲጠይቋት «ከደርግ ትንሽ እበልጣለሁ» ነው መልሷ። በሐጂ ሸረፋ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ሰማያዊ ሸራ ዘርግታ ሪሞት መሸጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የምትሸጠው ሪሞት ብቻ ነው። ባትሪ እንኳ «እሱ የጎረቤት እንጀራ ነው» ብላ አትነካም።

የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ስለዚህ ሪሞቶቿን ራሷ ባወጣችላቸው ስም ነው የምታውቃቸው። «ሆደ ሰፊ» አለ፤ «ባለ ቀይ አፍንጫ» አለ፤ «አንገተ ረጅም» አለ፤ ቁልፍ የበዛበትን አንዱን ደግሞ «ወሬኛው» ትለዋለች። ደንበኛ ይመጣል። የቲቪውን ስም አያውቅም፤ ሪሞቱም በእጁ የለም።

«ቲቪዬ ጥቁር ነው» ይላል።

«ሁሉም ጥቁር ነው አባቴ። ሲነሳ ምን ይላል?»

«ማን?»

«ቲቪው ነዋ! ዝም ብሎ ነው የሚነሳው ወይስ ይዘፍናል?»

«ቲንንን ይላል።»

«ቲን ነው ወይስ ቲንንን?»

ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። «ቲንንን» ይላል መጨረሻ ላይ።

«ሆደ ሰፊው ነው፤ ውሰድ።»

ወስዶ ይሞክራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ካልሠራ ይመለሳል፤ ከድጄም «ቲን ነበር ያለው፤ ሰምተህ አታውቅም» ብላ ትቀይርለታለች።

ሪሞቱ ግን የት ሄዶ ነው ከተማው ሁሉ ሪሞት የሚፈልገው? እንግዳ ሰው ይሄን ይጠይቃል። የእኛ አገር ሰው አይጠይቅም፤ መልሱ መርካቶ እንደሆነ ያውቃል። በዓል ሲደርስ ልጆች ከመርካቶ ይመጣሉ። ድሮ ለእናታቸው ብርድ ልብስ ያመጡ የነበሩት በእነዚያ ዓመታት ጠፍጣፋ ቲቪ ማምጣት ጀመሩ። ልጁ ቲቪውን ራሱ ይተክላል፣ ራሱ ይከፍታል፤ ቤት በቆየበት ቀን ሁሉ ሪሞቱን ማንም አይነካበትም። በስድስተኛው ቀን እናቱን ስሞ፣ ምርቃት ተቀብሎ መኪና ይሳፈራል። ሪሞቱ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። እናት ማታ ብትፈልግ ብትፈልግ የለም። ቲቪው ቡታጅራ፣ ሪሞቱ መርካቶ። ከድጄ የምትኖረው በዚህ መሀል ነው።

አሁን ስለ ስልኩ።

ከበረንዳዋ ማዶ ሚኪያስ የሚባል ቲቪ ጠጋኝ አለ። እየበየደ መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ ከድጄን ሳይተነኩስ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ሳምሰንግ ይዞ መጣና ሸራዋ ፊት ቆመ።

«እትዬ ከድጄ፣ ሸራሽን ጠቅልዪ።»

«ደግሞ ዛሬ ምን ሆንክ?»

«ይሄ ስልክ ሪሞት ነው። አናቱ ላይ ትንሽ ዓይን አለችው፣ አየሻት? የየትኛውንም ቲቪ ቋንቋ ይናገራል። ነገ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ስልክ ሲይዝ አንቺ ምን ልትሸጪ ነው?»

እዚያው ቆሞ በማዶ ሱቁ ውስጥ ያለውን ቲቪ በስልኩ አጠፋው። መልሶ አበራው። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው አጨበጨበ። ሌላ ሰው ቢሆን እንጀራው ሲቆረጥ እያየ እንዴት ያጨበጭባል? ከድጄ ግን ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበች።

«የሁሉንም ቋንቋ ነው ያልከኝ?»

«የሁሉንም።»

«ቲቪው የትኛውን እንደሰማ ስልኩ ያውቃል?»

«ስሙን ጽፎ ያሳይሻል።»

«ሽጥልኝ።»

ሚኪያስ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። ንግዷን ይዘጋዋል የተባለውን ነገር እሷ ለንግዷ አስተርጓሚ አድርጋ ቀጠረችው። ከዚያ ወዲህ በቲንንን መገመት ቀረ። ሪሞቱ መርካቶ የሄደበት ቤት ይጠራታል፤ ሄዳ ስልኳን ታነጣጥራለች፤ አንዱን ቋንቋ ትሞክራለች፣ ሌላውን ትሞክራለች፤ ቲቪው ድርግም ሲል «ሰማኝ!» ትላለች። መልሳ ታበራዋለች። ስልኩ ላይ የወጣውን ስም ባታነበውም የመጀመሪያውን ፊደል መልክ ለይታ ይዛዋለች፦ በእባብ የሚጀምረው ሆደ ሰፊው ነው፤ በመሰላል የሚጀምረው ባለ ቀይ አፍንጫው ነው፤ በማዕዘን የሚጀምረው አንገተ ረጅሙ ነው። ሪሞቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጣለች። ተሳስታ አታውቅም። ሚኪያስም ከዚያ በኋላ «ሸራሽን ጠቅልዪ» ብሎ አያውቅም፤ «ዛሬ ስንቱን አናገርሽ?» ሆነ ሰላምታው።

በ2008 አረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። አረፋ መስከረም አሥራ ሦስት፣ መስቀል አሥራ ሰባት። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን እኩል ተቀበለ። ከየመኪናው አናት ላይ ሲወርድ የነበረውን ቲቪ ላየ፣ አዲስ አበባ ዕቃዋን ወደ ቡታጅራ የምታጓጉዝ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ የሚኪያስ ሚስት ሙሉመቤት ትገባለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ የተባረከ ነው። እኛ ደግሞ ዕቃ መሸፈን እንወዳለን፤ ሶፋውን በጨርቅ፣ ጨርቁን በዳንቴል፣ ሪሞቱን በፌስታል። ሙሉመቤት ይሄን አይታ የቲቪ ቀሚስ ፈለሰፈች። ከወፍራም ከፋይ የተሠራ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ የቲቪውን ጠርዝ ከላይም ከታችም ከግራም ከቀኝም የሚሸፍን፣ ከኋላ በላስቲክ ጥብቅ የሚል። የሚታየው መስታወቱ ብቻ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከቲቪው ላይ ስለሆነ፣ ቀሚሶቹ ተሰፍተው የደረሱት በዓሉ አልፎ፣ ልጆቹ ከነሪሞታቸው ከሄዱ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ያሠራችው የሐጂ ሸረፋ ባለቤት ሀያቱ ናት፤ ቀዩን። ሀያቱ ካሠራች በኋላ ያላሠራች ሴት የት ትቀመጣለች?

የሚሆነው እንዲህ ነበር። ልጅ ይሄዳል፤ ሪሞት አብሮ ይሄዳል፤ ከድጄ ተጠርታ ስልኳን ታነጣጥራለች፤ ሪሞት ሰጥታ ትወጣለች። በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ቀሚሱ ይደርስና ቲቪው እንደበራ ይለብሳል። ከዚያ ማንም ሪሞት ሳይነካ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመለስ አምፖሉ ይበራል፣ ፍሪጁ ይንዘረዘራል፤ ቲቪው ግን ጨለማ ነው። ሪሞት ቢጫኑ የለም። ባትሪ ቢቀይሩ የለም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ቲቪ ሞተ። ስድስቱንም ከድጄ አነጣጥራባቸው ነበር።

ይባስ ብሎ፣ ቲቪዎቹ ሚኪያስ ጋ ሲወሰዱ ይድኑ ነበር። የሐጂ ሸረፋ ቲቪ ሦስት ጊዜ በባጃጅ ሄዷል። ሚኪያስ ይሰካዋል፣ ሪሞት ይጫናል፣ ይበራል። «ምንም የለበትም» ብሎ ይመልሰዋል። ቤት ይገባል፤ ሀያቱ መጀመሪያ ታለብሰዋለች፣ እንግዳ የመጣበት ቤት ሳይለብስ እንደማይወጣ ሰው፤ ከዚያ ሪሞት ትጫናለች። የለም።

«ቲቪው አይደለም የታመመው» አለች ሀያቱ ለጎረቤቶቿ። «ቤቱ ነው። ሀኪም ጋ ሲሄድ ይድናል፣ ቤቱ ሲገባ ይሞታል። ቤታችን ውስጥ ምን ተጥሎ ነው? ማን ገብቶ ነበር?»

ማን እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ወሬው በዚያው ዕለት እግር አወጣ።

ከድጄ በረንዳ ላይ ሰው ጠፋ። የሚያልፉ ሴቶች መንገዱን ተሻግረው በማዶ ማለፍ ጀመሩ። አንዷማ ከድጄን ስታይ የራሷን ስልክ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ እሱም እንዳይሞትባት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቲን ነው ወይስ ቲንንን» እያሉ የሳቁባት ደንበኞች «ሰላም ነሽ?» እንኳ በአገጫቸው ሆነ።

ሐጂ ሸረፋ ለሦስት ቀን በጓሮ በር ሲገቡ ሲወጡ ቆይተው በአራተኛው ቀን በረንዳው ላይ ቆሙ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሚስታቸውን የሚፈሩ ሰው ናቸው።

«ከድጄ።»

«አቤት ሐጂ።»

«ሴቶቹ ተነስተዋል። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ እቤት ሽማግሌ ይቀመጣል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምልሽ፣ ስልኩን ለሽማግሌ አስረክቢና ይቅርታ በይ። ነገሩ በዚያው ይለቅ።»

«ይቅርታ ካልኩ ቲቪው ይበራል?»

ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ይቅርታ ያልኩ ቀን ገድያለሁ ማለት ነው ሐጂ። ገዳይ ደግሞ በረንዳዎ ላይ ይቀመጣል?»

«እሱስ… አይቀመጥም» አሉ ሐጂ ጫማቸውን እያዩ። «ይቅርታም ካላልሽ፣ ሀያቱ በረንዳውን…»

አልጨረሱትም፤ መጨረስም አላስፈለጋቸውም። ከድጄ በሐሙስ ስሟን ካላጠበች ሸራዋን ትጠቀልላለች። ሌላ በረንዳ ሞልቷል፤ «ቲቪ ገዳይ» የተባለችን ሴት የሚያስጠጋ በረንዳ ግን ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ አይገኝም።

ቲቪዎቹን ገብታ እንዳታይ በር የሚከፍትላት ቤት የለም። ስለዚህ ወደ ሚኪያስ ሱቅ ተሻገረች። ሚኪያስ እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ከደነው።

«ሚኪ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቲቪዎቹ ውስጥ ምን አገኘህ?»

«በእግዚአብሔር ስም እትዬ፣ ምንም! ይመጣል፣ እሰካለሁ፣ ሪሞት እጫናለሁ፣ ይበራል። ያለቀሰ ቲቪ እንኳ አላየሁም።»

«እንዴት ነው የሚያመጡልህ?»

«በባጃጅ ነዋ፣ ራቁቱን።»

«ራቁቱን?»

«ታዲያ ከፋዩን ለብሶ ይምጣ እንዴ? የብየዳው እርሳስ ጠብ ብሎ ቢያቃጥለው ሙሉመቤት እኔን ነው የምትቀብረኝ። አውልቃችሁ አምጡ ብያቸዋለሁ።»

ከድጄ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ራቁቱን» አለች ለራሷ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሚኪያስን ቲቪ አየች፤ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ቀይ ነጥብ አየች፤ ከነጥቧ አጠገብ ያለችውን ጥቁር ዓይን አየች። ከዚያ ብድግ አለች።

«ምነው? ምን አገኘሽ?»

«ሐሙስ ሚስትህን ይዘህ ና።»

«ሙሉመቤትን? እሷ ምን አገባት?»

«ልብስ ሰፊ አይደለች? ሽማግሌ ፊት ልብስ ሳያስፈልግ አይቀርም።»

ሐሙስ ከዐስር በኋላ የሐጂ ሸረፋ ሳሎን ሞላ። የስድስቱ ቤት እናቶች አንድ ግድግዳ ይዘዋል። ከሶፋው ላይ ሁለት ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አንዱ ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጋሽ ሀብተወልድ ናቸው፤ ዳኝነት ሲኖር መነጽራቸው ስለሚያምር ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ሁለተኛው አባ ሸምሶ ናቸው፤ ከመስቃን ገጠር የመጡ ገበሬ፣ የደም ነገር ያስታረቁ፣ ቲቪ የሌላቸው። ሚኪያስና ሙሉመቤት በሩ ሥር ቆመዋል። ቲቪው በቀይ ከፋይና በወርቃማ ዘርፍ ተሸልሞ መሀል ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ነው።

ሀያቱ ተናገረች። ልጇ ከመርካቶ እንዳመጣው፣ ከድጄ ገብታ እንዳነጣጠረች፣ ቲቪው ድርግም እንዳለ፣ ከድጄ «ሰማኝ» እንዳለች።

«ማን ነው የሰማት?» አለች ሀያቱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ። «ቲቪ ይሰማል? ቲቪ ይናገራል እንጂ ይሰማል? ከማን ጋር ነው የተነጋገረችው እቤቴ ውስጥ?»

ሴቶቹ «ያ ረቢ» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ከድጄ፣ ተናገሪ» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ።

ከድጄ ቆመች። ስልኳን አወጣች፤ ሁለት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ። ስልኩን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ሀብተወልድ፣ የእርስዎ ስልክ ፎቶ ያነሳል?»

«የልጅ ልጄን በእሱ ነው ያነሳሁት።»

«ካሜራውን ይክፈቱልኝ። እትዬ ሀያቱ፣ የራስሽን ሪሞት ያዢና አፍንጫውን ወደ ጋሽ ሀብተወልድ ስልክ አዙረሽ ተጫኚ።»

ሀያቱ እያመነታች ተጫነች። ጋሽ ሀብተወልድ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ። ሪሞቱ አፍንጫ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። ከስልኩ ውጭ በዓይን ሲያዩት የለም። በስልኩ ሲያዩት አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሪሞት እንዲህ ነው የሚናገረው። ለእኛ ዓይን አይታይም። ሚኪያስ ባትሪ ያለቀበትን የሚለየው በዚህ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ ተራ በተራ ተጫኑ፤ ተራ በተራ «ውይ!» አሉ። አባ ሸምሶ ሁለት ጊዜ ተጫኑና «ሱብሃን አላህ» ብለው ሦስተኛ ጊዜ ሊጫኑ ሲሉ ሀያቱ «ባትሪው አለቀ አባባ!» ብላ ተቀበለቻቸው።

ከድጄ የራሷን ስልክ አነሳች፤ አናቱን ወደ ካሜራው አዞረች። ያው ሐምራዊ ብርሃን።

«አያችሁ? አንድ ናቸው። የእኔ ስልክ ገዳይ ከሆነ እትዬ ሀያቱ እጅ ያለውም ገዳይ ነው። በየቤታችሁ አንድ አንድ ገዳይ በፌስታል ጠቅልላችሁ ትራስ ሥር አስቀምጣችኋል ማለት ነው።»

አንዷ ሳቀች፤ ሀያቱ ስታያት ሳሏን ሳለች።

አባ ሸምሶ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ሪሞቱም እየተናገረ ነው። ስልኩም እየተናገረ ነው። እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው አባባ።»

«ታዲያ የማይሰማው ይሄ ነዋ» አሉ በበትራቸው ቲቪውን እያሳዩ። «ጆሮው የት አለ?»

ስድስት ቲቪ ያለው ሰፈር ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልጠየቀውን አንድ ቲቪ የሌለው ሰው ጠየቀ።

«ከመስታወቱ ሥር ነው፤ ቀይዋ መብራት አጠገብ» አለች ከድጄ።

«የትኛዋ ቀይ መብራት?»

ሁሉም ቲቪውን አየ። ቀይ ከፋይ አለ፤ ቀይ መብራት የለም።

«እትዬ ሀያቱ፣ ቀይዋን መብራት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሻት?»

«ልጄ እያለ…» አለች ሀያቱ። ድምጿ ቀነሰ። «ቀሚሱ ሳይመጣ።»

በሩ ሥር ሙሉመቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከድጄ ወደ ቲቪው አልቀረበችም። እንዲያውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «እኔ አልነካውም፤ ኋላ እጇ ነው ትላላችሁ። እትዬ ሀያቱ፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ፤ ቀሚሱን ከሥር ግለጪለት።»

«በሽማግሌ ፊት!» አለች አንዷ፤ ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሀብተወልድ ሳይቀሩ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ሀያቱ በሁለት ጣቷ ዘርፉን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገች። ከከፋዩ ሥር ትንሽ ቀይ መብራት ብቅ አለች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነቅታ ስትጠብቅ የነበረች።

«በይ ተጫኚ።»

ተጫነች። ቲንንን አለና ቲቪው በራ፤ ከነድምፁ፣ ከነቀለሙ። አባ ሸምሶ ከሶፋው ላይ በግማሽ ተነሱ። እልልታው ሐጂ መደብር ድረስ ተሰማ።

«ሦስት ጊዜ!» ብሎ ጮኸ ሚኪያስ። «ሦስት ጊዜ ሆዱን ፈትቼ ያየሁት በሚስቴ ቀሚስ ምክንያት ነው?»

«አንተ ራቁቱን አምጡ ብለህ አይደል ያላወቅኸው!» አለችው ሙሉመቤት። «ለብሶ ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን ታየው አልነበር?»



ከዚያ በኋላ የሆነው ሰርግ ነው ቢባል ይቀላል። ከድጄ ፊት ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላዋ፣ ሴቶቹ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ሁለት ባጃጅ ከሴቶቹ ኋላ። ሁለተኛው ቤት ከድጄ ደፍ ላይ ቆማ «ግለጪ» አለች፤ ተገለጠ፤ በራ፤ እልልታ። ሦስተኛው ቤት ከድጄ ከመናገሯ በፊት ሕዝቡ «ግለጪ!» አለ። አራተኛው ቤት አባወራው ቀድሞ ገልጦ ቢጫን ድምፁ ጣሪያ ነካና የጎረቤት ውሻ ሸሸ። አምስተኛውም በራ። ስድስተኛዋ ባለቤት ሕዝቡ ከመድረሱ በፊት ሮጣ ገብታ ገልጣ አብርታ፣ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀች።

«የእኛ እኮ ጠፍቶ አያውቅም» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውንም ልንገራችሁ። ሙሉመቤት በእያንዳንዱ ቀሚስ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍታ ዙሪያውን በወርቅ ክር ጠለፈችው። ስሙ «የከድጄ መስኮት» ነው፤ ቲቪ የሌላት ሴት ጭምር «መስኮት ያለው» ብላ አዛለች። ከድጄ በረንዳ ላይ ሐጂ ሸረፋ ራሳቸው የእንጨት አግዳሚ አስቀመጡ፤ በፊት በር መግባትም ጀመሩ። ወሬውም አልሞተም፤ ተገላብጦ ለበሰ እንጂ። ከድጄ የሞተ ቲቪ በስልኳ ታስነሳለች ተባለ። ከጉብሬ አንዲት ሴት ደውላ «ስልኩን ቲቪዬ ጆሮ ላይ አድርጌልሻለሁ፤ ከዚያው ሆነሽ አስነሺልኝ» ብላታለች። ከድጄም «ቀሚሱን ግለጪ» አለቻት፤ በራ። አሁን ያንን ለጉብሬ ሰዎች ማን ያስረዳቸዋል?

ያን ሐሙስ ግን ነገሩ ያለቀው እንደገና ሐጂ ሸረፋ ሳሎን ነው። ከስድስተኛው ቤት ተመልሰው ሽማግሌዎቹ ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። ሀያቱ ከድጄ ፊት ቆመች፤ ኩሩ ሴት ናት፤ ቀላል አልነበረም።

«አፉ በይኝ ከድጄ። ስምሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አፉ ብያለሁ። አላህም አፉ ይበለን።»

ተቃቀፉ። ጋሽ ሀብተወልድ መረቁ፣ አባ ሸምሶ ዱዓ አደረጉ፣ «አሚን» ተባለ። ሐጂ ሸረፋም በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብለው «በረንዳው የከድጄ ነው፤ እኔ ከሌለሁም የከድጄ ነው» አሉ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቲቪው እንደበራ ነበር። ሁለት ሳምንት የጠማው ሰፈር ያገኘውን ይጠጣል፤ የተገኘው ደግሞ በዐረብኛ የሚተላለፍ የግመል እሽቅድምድም ነው። ከ«አሚን» በኋላ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ጋሽ ሀብተወልድ፣ መጨረሻ ላይ አባ ሸምሶ፣ በበትራቸው ነጩን ግመል እያበረታቱ። ማንም ዐረብኛውን አልሰማም፤ ማንም ዓይኑን አልነቀለም።

ከድጄ ስልኳን ሻርፗ ውስጥ ከተተች፤ ቦርሳዋን አነሳች፤ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። ነጩ ግመል ሊቀድም አንድ ክንድ ቀርቶት ስለነበር የተናገረችውን የመለሰላት ሰው አልነበረም።

«ሲጠፋ ያጠፋችው ከድጄ ናት አላችሁ፤ እሺ፣ ያበራውስ ማን ነው?»